ጊታር ሲቀባ በምን ይያዛል? የት ይሰቀላል?

ጊታር ቀለም መቀባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የቀለሙን ነገር ነው። ከቀለም ዓይነቶቹ ናይትሮ ይሻላል ወይስ ፖሊዩሬታን? ስንት እጅ ይበቃዋል? በስንት ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዷ ግን ትዘለላለች። ፊቱም ጀርባውም ጠርዙም በአንዴ የረጠበ ቦዲ፣ ማለትም የጊታሩ ዋና አካል፣ በምን ይያዛል? ከያዛችሁትስ በኋላ የት ታኖሩታላችሁ?

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሲረጭ ሳይሆን ከተረጨ በኋላ ነው። ጣት ያርፍበታል። ሲዞር ግድግዳ ይነካል። ወይ ሽቦው ይለቅና ቦዲው ወለል ላይ ይዘረጋል። የሳምንት ልፋት በአንድ ደቂቃ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ጣሳው ሳይከፈት መያዣና መስቀያው ተሠርቶ፣ ተሞክሮ ይለቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

መመሪያው አንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል። ጊታር ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ማንም የማያየው ቦታ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ አለ። መያዣው እዚያ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ከመጀመሪያው ሲለር (እንጨቱን የሚደፍነው ሽፋን) እስከ መጨረሻው ላከር (ላዩ ላይ የሚደረገው አንጸባራቂ ሽፋን) ድረስ አይወልቅም።

የተደበቀውን ቦታ መፈለግ

ጊታሩን እስከ መጨረሻው ፍቱት። ክሩ፣ መቃኛው፣ ክሩ ቦዲው ላይ የሚያርፍበት ብሪጅ፣ የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፕ፣ ማንገቻው የሚታሰርባቸው ቁልፎች፣ ሁሉም ይውጡ። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው ትንንሽ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ የምን እንደሆኑ ጻፉባቸው። በኋላ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

አሁን ባዶውን እንጨት አገላብጣችሁ እዩት። አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር ከሆነ፣ ማለትም እንደ ፌንደር ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር ዓይነት፣ ዕድለኞች ናችሁ። አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓድ የሚፈለገው መያዣ ቦታ ነው። ቀለም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ባይገባበት ይመረጣል። አንገቱ በኩል ደግሞ እዚያ ጎድጓድ ውስጥ የሚገባው ተረከዙ አለ። እሱም አይታይም። የመቃኛዎቹ ቀዳዳዎች ጠርዝ በቀለበት ይሸፈናል። የማንገቻ ቁልፍ ቀዳዳዎችም እንዲሁ።

እንደ ጊብሰን ሌስ ፖል አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ አማራጩ ይጠባል። ቦክስ ጊታር ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ሁለቱንም ወደ ታች እናያቸዋለን።

ለቦዲው እጀታ መሥራት

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ላድርገው፤ ዋናው ሥራ እሱ ነውና።

የሚያስፈልገው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ነው። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የተረፈ ጣውላ ብትጠቀሙም ይሠራል፤ ግን ጣውላ ብሎን ጠርዙ አጠገብ ሲገባበት ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ግን በቀላሉ አይሰነጠቅም።

ወርዱ ላይ ሰው ይሳሳታል። ብዙዎች እጀታውን ልክ እንደ አንገቱ ተረከዝ ጥብቅ አድርገው ይሠሩታል። ጥብቅ ሲሆን ቆንጆ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ቀለሙ በእጀታውና በቦዲው መካከል ያለውን ስንጥቅ እንደ ድልድይ ይሞላዋል። ሲደርቅ ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። እጀታውን ስትነቅሉ የቦዲው ጠርዝ ላይ ያለው ላከር አብሮ ተፈርፍሮ ይወጣል። ያ ጠርዝ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ክፍተት ተዉ። የፌንደር ዓይነት የአንገት መቀመጫ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ አለው። እጀታውን 46 አድርጉት። በግራም በቀኝም 5 ሚሊ ሜትር አየር ይኖረዋል። በውስጠኛው ጫፍ በኩልም 5 ሚሊ ሜትር ራቅ ይበል። ቀለሙ የመቀመጫውን ግድግዳ ይነካል፣ እጀታውን ግን አያጣብቅም።

ቀጥሎ ብሎኑ። ትንሽ ሒሳብ አለው። የቦዲው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 45 ሚሊ ሜትር ነው። መቀመጫው ከዚያ ላይ 16 ይወስዳል። ብሎኑ የሚያልፍበት 29 ሚሊ ሜትር እንጨት ይቀራል። የጊታሩ የራሱ የአንገት ብሎን 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ 16ቱ እጀታው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። 18 ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይይዘዋል፣ ጫፉም በላይ በኩል አይወጣም። ልክ ይገጥማል። የእናንተ ጊታር ቁጥሩ ቢለይ በራሳችሁ ልኬት አስሉት።

እጀታውን መቀመጫው ውስጥ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። ቦዲውን ከጀርባ በኩል ያዙና በአራቱ ቀዳዳዎች ቀጭን ምስማር አስገብታችሁ እጀታው ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ በስፋት 38፣ በርዝመት 51 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ይወጣሉ። ይህ የፌንደር መደበኛ ልክ ነው። ምልክቱ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ብሎኑን ያለ ቀዳዳ በጉልበት አትግፉት፤ ቀዳዳው ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው።

ብሎኖቹ ከጀርባ ይገባሉ። ከፊት ለማስገባት አትሞክሩ፤ የቦዲው ቀዳዳ ሰፋ ያለ ስለሆነ ብሎኑን አይነክሰውም፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ከብሎኑ ራስ ሥር ትንሽ ሮንዴላ አድርጉ። የአንገቱ የብረት ሳህን የሚሸፍነው 51 በ64 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሮንዴላዎቹ ከዚያ ክልል እንዳይወጡ። በኋላ ሳህኑ ሲመለስ የነሱን አሻራ ይደብቀዋል።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። እጀታው ከመቀመጫው የሚወጣበት ቦታ ላይ ሥሩን በሞረድ ወይም በመጋዝ አግድም ሸርፉት። እጀታው የቦዲውን ከንፈር ተጭኖ ከሄደ መርጫው እዚያ ሥር አይደርስም። ባዶ እንጨት ሲቀር የምታዩት አንገቱን ለመግጠም ስትነሱ ነው። ሽርፉ ለቀለሙ መግቢያ ይሰጠዋል።

ከእጀታው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። መንጠቆው የሚያልፈው በዚህ ነው። እጀታው ሦስት ሥራ ይሠራል። ስትረጩ በእጅ ይያዛል። ስታርፉ ሞርሳ ላይ ይታሰራል። ሲደርቅ ይሰቀላል። ሦስቱንም የረጠበውን እንጨት ሳትነኩ።

በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ የቤት ውስጥ ፈጠራ አይደለም። ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ በነበረው የፌንደር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቦዲዎች የሚቀቡት ትንንሽ ምስማር ተመትቶባቸው ነበር። ምስማሮቹ ፒክጋርዱ፣ ማለትም ቦዲው ፊት ላይ የሚገጠመው ስስ ሽፋን፣ በሚደብቀው አካባቢ ይገባሉ። አንዱ ወገን ከተረጨ በኋላ ቦዲው ተገልብጦ በምስማሮቹ ላይ እንደ በርጩማ ይቆማል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ በአንገቱ መቀመጫ የሚታሰር እጀታ መጣ። ዛሬ የቆየ ጊታር የሚገዙ ሰዎች ፒክጋርዱን አንስተው የምስማሩን ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ መቀመጫው ውስጥም እጀታው ሸፍኖት ቀለም ያላገኘውን ባዶ ቅርጽ ያያሉ። ጊታሩ እውነተኛ መሆኑን ከሚለዩባቸው ምልክቶች እነዚህ ይገኙበታል። የተደበቀ ቦታ ላይ የቀረ አሻራ ዋጋ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየንም።

አንገቱ

አንገት ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ያስቸግራል። የመርጫው አየር ሲነካው እንደ እንዝርት ይሾራል። ስለዚህ ከላይም ከታችም መያዝ አለበት።

ከታች፣ ተረከዙ ላይ፣ ለቦዲው እንደሠራችሁት ዓይነት ግን አጠር ያለ እጀታ እሰሩ። 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እዚህ ላይ የብሎኑ ርዝመት ቀልድ አይደለም። ተረከዙ ከፍሬትቦርዱ (ጣት ክሩን ከሚጫንበት ጣውላ) ጋር 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ረጅም ብሎን ካስገባችሁ እዚያ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ በፍሬቶቹ መሐል ብቅ ይላል። እጀታው 18 ከሆነ 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ብቻ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ሁለት ብሎን በቂ ነው፤ አራቱንም አታስቸግሩ።

ከላይ፣ በመቃኛ ቀዳዳ መንጠቆ ይገባል። ባዶ ሽቦ ብቻ አስገብታችሁ አትስቀሉት። ሽቦው የቀዳዳውን ጠርዝ እየፈተገ ቀለሙን ይልጠዋል። ይልቅ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በቀዳዳው አሳልፉና ከፊትም ከኋላም በትንሽ ሮንዴላና በዳዶ ያዙት። ሮንዴላው መቃኛው ሲገጠም ከሚሸፍነው ክብ መብለጥ የለበትም። ሽቦውን ከብሎኑ ጭራ ላይ እሰሩ። አንገቱ በብሎኑ ይሰቀላል እንጂ በራሱ እንጨት አይደለም።

ራሱ ወደ ላይ፣ ተረከዙ ወደ ታች ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀለም ቢወርድ የሚጠራቀመው ታች ነው። ታች ያለው ተረከዝ ደግሞ ጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ገልብጣችሁ ከሰቀላችሁት ጠብታው የአንገቱ ራስ ጫፍ ላይ፣ የሁሉም ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ይደርቃል።

ከታች እጀታው ላይ ትንሽ ክብደት ብታንጠለጥሉ መሾሩ ይቆማል። ውሃ የሞላ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሆናል።

ፍሬትቦርዱ ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ የሚባል እንጨት ከሆነ አይቀባም። በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑት። ቴፑን ከፍሬቶቹ ላይ በጥፍር ተጫኑት፤ በተለይ ፍሬቱ ከጠርዙ ጋር በሚገናኝበት ጥግ። ሜፕል ከሆነ ግን ላከር ይቀባል፣ አይሸፈንም። ክሩ የሚያልፍበት ነት የሚቀመጥበትን ቦይ ሸፍኑ። አንገቱ ውስጥ ያለው የማስተካከያ ብረት ቀዳዳም በተጠቀለለ ወረቀት ይደፈን፤ እዚያ ውስጥ ላከር ቢገባ ቁልፉ አይዞርም።

አንገቱ የማይፈታ ጊታር

ሌስ ፖልን የመሰለ ጊታር ሁለት መያዣ ይፈልጋል። አንዱ በመቃኛ ቀዳዳ የሚያልፈው ብሎን ነው፤ ልክ ከላይ እንዳልነው። ሌላው ታች፣ የማንገቻ ቁልፉ በነበረበት ቀዳዳ የሚገባ፣ ራሱ ቀለበት የሆነ ብሎን። ውፍረቱ ከዋናው ብሎን አይብለጥ፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ይሰፋና ቁልፉ በኋላ አይጠብቅም።

ሲደርቅ በአንገቱ ራስ በኩል ተይዞ ቦዲው ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል። ፊቱንና ጀርባውን ስትረጩ ግን በሁለቱ መያዣዎች መካከል አግድም ብትዘረጉት ይሻላል። ሁለት መደገፊያ፣ ሁለት መንጠቆ፣ ጊታሩ መሐል። አንዱን ወገን ትረጫላችሁ፣ ቀለሙ እስኪቆም ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ትገለብጣላችሁ። አግድም የተረጨ ቀለም አይወርድም፤ ይተኛል። ክብደቱን አትርሱ፤ ጠንካራ ሌስ ፖል 4 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው።

ቦክስ ጊታር

የቦክስ ጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ መያዝ፣ በዚያም መንጠቆ ማስገባት ክልክል ነው። የድምፅ ቀዳዳው መሸፈን ብቻ ነው ያለበት።

ጊታር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ፊኛ። ያልተነፋ ፊኛ በድምፅ ቀዳዳው ታስገባላችሁ፣ ውስጥ ሆኖ ትነፉታላችሁ፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስትጨርሱ አታፈንዱት። የደረቀው ቀለም ተሰባብሮ የረጠበው ፊት ላይ ይረጫል። ቋጠሮውን ፈታታችሁ አየሩን ቀስ አድርጋችሁ አውጡት።

መስቀያው እንደ ሌስ ፖሉ ነው፤ ላይ በመቃኛ ቀዳዳ፣ ታች በመጨረሻው ቁልፍ ቀዳዳ። የታችኛው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ብሎን አይነክስበትም። ልኩ የተቀረጸ ዱላ ጠበቅ አድርጋችሁ አስገቡበት። መዶሻ አያስፈልግም፤ በእጅ ግፊትና በትንሽ ማዞር ይይዛል። ዱላው ለመምሪያ ነው እንጂ ክብደት አይሸከምም።

ብሪጁ የሚለጠፍበትን ቦታ ቀድማችሁ ሸፍኑ። ሙጫ የሚይዘው ባዶ እንጨት ነው። ሽፋኑ ከብሪጁ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ ይሁን፤ ያኔ ብሪጁ ሲቀመጥ የላከሩን ጠርዝ ይደብቀዋል።

ትንንሾቹ

ቁልፎች፣ ክዳኖች፣ የፒክአፕ ፍሬሞች። እነዚህን መስቀል አያዋጣም። አየሩ ይወስዳቸዋል፣ ከዚያ ሥራው ወለል ላይ እየዳሰሱ መፈለግ ይሆናል። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ ሁለት ጎን የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፉና ከላዩ ደርድሯቸው። ቀዳዳ ያላቸውን እርሳስ ወይም የጥብስ እንጨት ላይ ሰኩና አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሙ። መርጫችሁ ላይ የአየሩን ግፊት ቀንሱ። አበቃ።

መስቀያውና ቦታው

ክብደት የሚይዝ አግድም ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሁን፤ ቦዲው ደረታችሁ ፊት ለፊት እንዲውል። የልብስ ገመድ ላይ አትስቀሉ። ገመድ ይረግባል፣ አንዱን ስትነኩ ሁሉም ይወዛወዛሉ፣ እርስ በርስም ይሳሳማሉ። በሁለት ዕቃ መካከል ግማሽ ሜትር ይኑር። ከግድግዳውም እንዲሁ።

መንጠቆው ከ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሠራ። በፒንሳ ሁለቱንም ጫፍ አጥፉ፣ የላይኛውን ጫፍ ሙሉ ቀለበት አድርጋችሁ ዝጉት። ክፍት መንጠቆ ቦዲው ትንሽ ሲነሳ ይዘላል። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ አጭር ከሆነ ከብረቱ ላይ የተነሳ ብናኝ በቀጥታ ቦዲው ላይ ይወርዳል።

ስለ ብናኝ ካነሳን፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በእያንዳንዱ እጅ መንጠቆውና እጀታውም አብረው ይቀባሉ። ሦስተኛ አራተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ሽቦው ላይ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሽቦው ሲንቀሳቀስ ይላጣል፣ ቀጥ ብሎ የረጠበው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሰው አቧራ ነው ብሎ አካባቢውን ሲያጸዳ ይውላል። መድኃኒቱ የወረቀት ኩባያ ነው። ታቹን ብሱት፣ ገልብጣችሁ በሽቦው ላይ አሳልፉት፣ ከእጀታው በላይ እንደ ጥላ ይቀመጥ። የላይኛው ቅርፊት እዚያ ይቀራል። ሽቦውን ደግሞ በየጊዜው ጥረጉት፤ ወይ ለውጡት፣ ርካሽ ነው።

አሁን ፈተና። ቦዲው ሳይቀባ ስቀሉት። በእጃችሁ ወደ ታች ጎተት አድርጉት፤ ከራሱ ክብደት እጥፍ የሚሆን ጉልበት ስጡት። ከዚያ ማታውን ተሰቅሎ ይደር። ጠዋት ሽቦው ተስቦ ወይም ብሎኑ ላልቶ ከሆነ አሁን ማወቃችሁ ጥሩ ነው። ባዶውን መርጫ ይዛችሁም ዙሩት። አየር ብቻ እየነፋችሁ ሁሉም ጥግ ይደረሳል? ክንዳችሁ ግድግዳ ይነካል? የኮምፕረሰሩ ቱቦ የተሰቀለውን ይጎትታል?

ቦታው አየር ያስገባ እንጂ ነፋስ አያስገባ። ናይትሮና ቲነር በጣም ይቀጣጠላሉ። ከሰል፣ ዕጣን፣ የቡና ምድጃ፣ ሲጋራ አጠገቡ አይታሰብም። ቡና የሚፈላበት ግቢ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ሰዓት አድርጉት፤ ቤተሰቡንም አስጠንቅቁ። አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የጋዝ ውሃ ማሞቂያችሁን እዩት፤ ውስጡ ሁልጊዜ የሚነድ ትንሽ እሳት ያለው ሊሆን ይችላል። ለመተንፈሻ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ለኬሚካል ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ይሁን። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎ የሚረጨው ፖሊዩሬታን አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር አለው። እሱን በቂ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ተዉት ብዬ ነው የምመክረው።

ክረምት ላይ ናይትሮ አትርጩ፣ ቢያንስ ዝናቡ እየወረደ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላከሩ ሲደርቅ ነጭ ጉም ይለብሳል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። ከመርጨታችሁ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።

የመርጨት ቀን

ከመርጨት በፊት የፒክአፕና የሽቦ ጉድጓዶችን በአየር ንፉ። የእሸታው ዱቄት እዚያ ተደብቆ ይጠብቃል፤ መርጫው ሲነፋበት ወጥቶ ላከሩ ላይ ይለጠፋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። እጀታውን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ መጀመሪያ ጠርዙን ዙሩ። ቀንዶቹ መሐል ያለው ጠባብ ቦታና እጀታው አጠገብ ያለው ጥግ ቀድሞ ይረጭ፤ አስቸጋሪው እሱ ነው። ከዚያ ጀርባው፣ መጨረሻ ፊቱ። መርጫው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የጣሳ ስፕሬይ ከሆነ 25 ገደማ ይራቅ። እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። ጉዞውን ስትጨርሱ ከእንጨቱ አልፋችሁ ልቀቁ እንጂ ላዩ ላይ አትቁሙ።

ፊቱ እንደተረጨ ወዲያው አትስቀሉት። ቦዲውን አግድም ይዛችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ወይ እጀታውን ሞርሳ ላይ እሰሩት። አንጸባራቂው ትንሽ ሲረጋ ስቀሉ። ይህች ትዕግሥት ብቻ ግማሹን የመውረድ ችግር ታስቀራለች። ተሰቅሎ ሳለም ቢሆን የታችኛውን ጠርዝ በብርሃን እዩት። ጠብታ እየተጠራቀመ ከሆነ በንጹሕ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠጣ አድርጉት። በጣት በፍጹም።

በናይትሮ በሁለት እጅ መካከል አንድ ሰዓት ገደማ፣ በቀን ሦስት እጅ ያህል ይበቃል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ግን አንብቡ፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው።

ካለቀ በኋላ እዚያው ተሰቅሎ ይቆይ። የመጨረሻው እሸታና መወልወል ከመጀመሩ በፊት ናይትሮ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። ላዩ በአንድ ቀን የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ብታስተኙት የጨርቁ ሽመና ይታተምበታል። ጎማ ወይም ስፖንጅ ያለው መቆሚያ ላይ ብታቆሙት ደግሞ ይብሳል፤ ናይትሮ ከጎማና ከቪኒል ጋር አይስማማም፣ ይቀልጣል፣ ይጣበቃል። ይህ ጠባይ ጊታሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላም አይለቀውም።

እጀታውን ማውለቅ

አትንቀሉት። መጀመሪያ በስለታም ምላጭ እጀታው ዙሪያና ሮንዴላዎቹ ዙሪያ ያለውን የቀለም ፊልም ቁረጡ። ከዚያ ብሎኖቹን ትንሽ ትንሽ አላሉ፤ አንዱን ሩብ ዙር፣ ሌላውን ሩብ ዙር። ካቻቪቴው ተንሸራቶ ጀርባውን እንዳይጭር በሌላው እጅ ዙሪያውን ከልሉ። ቴፑን ቀድማችሁ፣ የመጨረሻው እጅ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ወደ ራሱ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡት። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መጎተት ጠርዙን ይሸራርፈዋል።

የአንገቱን መቀመጫ ግድግዳ ፈትሹ። ላከር ከተወፈረበት አንገቱ ይጠብቃል። በጉልበት ከገባ የመቀመጫው ጥግ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ግድግዳውን ብቻ ቀለል አድርጋችሁ እሹ፤ የላይኛውን ጠርዝ አትንኩ። አንገቱ ያለ ጉልበት እስኪገባ እየለካችሁ።

የመቃኛ ቀዳዳዎችም እንዲሁ። ብርጭቆ ወረቀቱን እርሳስ ላይ ጠቅልላችሁ ከላይ ወደ ታች እያዞራችሁ የገባውን ላከር አውጡ። ወደ ላይ ስትስቡት ጠርዙን ሊያነሳው ስለሚችል እርሳሱን በታች በኩል አስወጡት። መቃኛው በጣት ግፊት መግባት አለበት፤ መዶሻ ከፈለገ ቀዳዳው ገና አልጸዳም።